ስለ ሴንት አንድሩስ ከተማ የጎልፍ ሜዳዎች

በእስኮትላንድ አገር በምሥራቅ ባሕር ዳር፣ በሐዋርያው በቅዱስ እንድርያስ ስም የተጠራች ሴንት አንድሩስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጥንት የሊቀ ጳጳስ መንበር ነበረች፤ ዛሬ ግን ስሟ በዓለም የተሰማው ጎልፍ በሚባለው ጨዋታ ነው። ጨዋታው ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ በየተራው ወደ ጉድጓድ ማስገባት ስለሆነ፣ ገና ለተጫወተ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። በከተማዪቱ የሕዝብ የሆኑ ሰባት ሜዳዎች ስላሉ፣ ለዕረፍት የሚሄድ ቤተ ሰብ የትኛው ለማን እንደሚስማማ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሁሉ አባት አሮጌው ሜዳ ነው። በ1764 ከ22 ጉድጓድ ወደ 18 ስለ ተቀነሰ፣ ብዙ የዓለም ሜዳዎች ይህንኑ ቍጥር ተከተሉ። በውስጡ 112 የአሸዋ ወጥመዶች አሉበት፤ ከነዚህም አንዱ ገሃነም ይባላል። በ1995 ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ጃክ ኒክላውስ ከዚያ ለመውጣት አራት ጊዜ መምታት ግድ ሆኖበታል። በዚህ ሜዳ ለመጫወት የችሎታ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰውም ተራውን የሚያገኘው በዕጣ ነው።

በ1895 ቶም ሞሪስ የነደፈው ሜዳ ምንም እንኳ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነው እስከ ዛሬ አዲሱ ይባላል። በ1897 ለንግሥት ቪክቶርያ የንግሥ በዓል የተከፈተው ኢዮቤልዩ መጀመሪያ ለወይዛዝርትና ለጀማሪዎች የታሰበ ነበር፤ ኋላ ግን ተለውጦ ከአስቸጋሪዎቹ አንዱ ሆነ። የ1914ቱ ኤደን ስሙን ያገኘው በአጠገቡ ካለው ወንዝ ነው እንጂ ከአዳም ገነት አይደለም። በ1993 የተከፈተው እስትራታይረም አጭርና ገር ስለሆነ ለሽማግሌ ይመቻል፤ ባለ 9 ጉድጓዱ ባልጎቭ ለልጆች የተገባ ነው። በ2008 የተከፈተው ካስል ግን ከከተማው ወዲያ በባሕር ገደል ላይ ስለሆነ፣ ለዓይን ደስታ ለጉልበት ፈተና ነው።

እኛ ግን አሮጌውን ያስበለጥነው ስለ አሸዋው አይደለም። በ1552 ሊቀ ጳጳስ ጆን ሐሚልተን በሜዳው ጥንቸል እንዲያረባ ሲፈቀድለት፣ ሕዝቡ በዚያ የመጫወት መብቱ እንደ ተጠበቀ እንዲኖር በጽሑፍ አጸና። በ1797 ከተማው በዕዳ ተይዞ ሜዳው በጥንቸል ነጋዴዎች እጅ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ብዙ ዓመት ተሟገተ፤ በ1821 ጄምስ ቺፕ የሚባል ባለ ርስት ገዝቶ ለጨዋታው አዳነው። ከ1974 ጀምሮም በፓርላማ ሕግ በተቋቋመ የአደራ ማኅበር ይጠበቃል።

ታላላቅ ውድድሮች ካልሆኑ በቀር እሑድ በአሮጌው ሜዳ ጨዋታ የለም፤ እናቶች ከልጆቻቸው ጋራ፣ ሽማግሌዎችም በምርኵዛቸው እየተደገፉ ይመላለሱበታል። ጊዜው ቢያልፍም በብራና የሰፈረ የድኻ መብት የባለጠጋን ገንዘብ እንደሚያሸንፍ ለማየት የሚወድ ሰው፣ ዱላውን ትቶ እሑድ ይሂድ።