የጀማ ገደል በኮልፌ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጓሜው በእውነት የገባኝ ግን ባለፈው ክረምት መግቢያ፣ አንዲት አጭር ፕሮግራም ጽፌ የኮልፌን መሬት በኮምፒዩተር ላይ ለማየት በሞከርኩ ጊዜ ነው። ነገሩ ለተማሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ፣ እነሆ ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርበዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በእድር ስብሰባ ላይ ነው። የምንኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ ከላይ እየወረደ በራችንን ያንኳኳል። እድርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ የውሃ መውረጃ ቦይ ለማስቆፈር ሲመክር እኔ ብድግ ብዬ፣ «የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ሥዕል በአንድ ሳምንት ውስጥ አመጣላችኋለሁ» አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ጭብጨባው ግን ደስ አሰኘኝ።

ተስፋዬ ባዶ አልነበረም። በየካቲት ወር 1992 ዓ.ም. «ኢንደቨር» የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀን ምድርን እየዞረች የየብስን ከፍታ በራዳር ለክታ ነበር። ከዚህም ልክ፣ በየ30 ሜትሩ ገደማ አንድ ነጥብ ያለበት ዝርዝር ለአፍሪካ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ያለ ዋጋ ለሕዝብ ተለቀቀ። ቁጥሩን ወደ ሥዕል የሚለውጥልኝ ደግሞ ፓራቪው የሚባለው ፕሮግራም ነበር። ይህ ፕሮግራም ኪትዌር የተባለው ኩባንያና የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በ2000 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በጋራ የጀመሩት ሲሆን፣ ሊቃውንት የነፋሱን፣ የውሃውንና የእሳቱን ስሌት በዐይናቸው የሚያዩበት ነው። የከፍታውን ፋይል የሚያነቡ የተዘጋጁ መሣሪያዎች መኖራቸውን አልክድም፤ እኔ ግን ለመማር ስል አንባቢውን በገዛ እጄ ልጽፈው ቆረጥኩ።

«አንባቢ» ስል እናንተን ክቡራን አንባብያንን ማለቴ አይደለም። አንባቢ ማለት እዚህ ላይ በፋይሉና በፓራቪው መካከል ቆሞ እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፓራቪው ሁለት ጊዜ ይጠይቀዋል። በመጀመሪያ «ስንት በስንት ነው? ምን ያህል ቦታ ላዘጋጅ?» ይለዋል፤ ቀጥሎም «በል እንግዲህ ቁጥሩን አምጣ» ይለዋል። ደጋሽ አስቀድሞ የእንግዳውን ብዛት ጠይቆ በኋላ ወጡን እንደሚያስወጣ ያለ ነገር ነው።

ፋይሉ ግን እንግዳ ፍጥረት ሆነብኝ። በውስጡ 3,601 ረድፍ አለ፤ በእያንዳንዱም ረድፍ 3,601 ቁጥር አለ፤ እያንዳንዱ ቁጥር በሁለት ባይት ስለ ተጻፈ ጠቅላላው 25,934,402 ባይት ይሆናል። ከዚህ በቀር አንዲት ቃል የለበትም። ርእስ የለው፣ ቀን የለው፣ ፊርማ የለው፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ መዝገብ ቤት አይቀበለውም ነበር። አገሩን የሚያስታውቀው ስሙ ብቻ ነው። «ኤን 09 ኢ 038» ሲል፣ የደቡብ ምዕራብ ማእዘኑ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9፣ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 38 ዲግሪ ላይ ነው ማለቱ ነው። ስሙን የለወጠ አገሩን ለወጠ።

በሦስተኛው ሌሊት አንባቢዬን ጽፌ ጨረስኩና ሥዕሉን ከፈትኩት። ያየሁት ግን አገር ሳይሆን የመርፌ ጫካ ነበር። ምክንያቱን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከፍታው 2,400 ሜትር የሆነ ነጥብ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው 9 እና 96 ተብሎ ነው፤ 9 በ256 ተባዝቶ 96 ሲጨመርበት 2,400 ይሆናልና። የእኔ ኮምፒዩተር ግን ትንሹን ባይት አስቀድሞ የማንበብ ልማድ ስላለው፣ 96ን በ256 አብዝቶ 9 ጨመረበትና 24,585 ሜትር አለኝ። ኤቨረስት 8,849 ሜትር ነው፤ ኮልፌ እንግዲህ የኤቨረስትን ሦስት እጥፍ ልታህል ጥቂት ቀራት! ከአጠገቡ ያለው የ2,450 ሜትር ነጥብ ደግሞ ሲገለበጥ ቁጥሩ ከተፈቀደው ወሰን ስላለፈ፣ ከባሕር ወለል በታች 28,151 ሜትር ወረደ።

የእኛን ሰው ስም የውጭ አገር ሰው ሲጽፈው እንደሚሆነው ነው። እኛ የራስን ስም አስቀድመን የአባትን እናስከትላለን፤ እርሱ የአባትን ስም አስቀድሞ ልጁን በአባቱ ይጠራዋል። ፊደሉ ያው ነው፤ ሰውዬው ግን ሌላ ሆነ። ዳኒ ኮኸን የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ በ1980 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ስለዚሁ ጠብ ሲጽፍ፣ ትልቁን ባይት የሚያስቀድሙትንና ትንሹን የሚያስቀድሙትን፣ ጆናታን ስዊፍት በ1726 ባሳተመው የጋሊቨር ታሪክ ውስጥ «የተቀቀለ እንቁላል የሚሰበረው በየትኛው ጫፍ ነው?» በማለት በሚዋጉት ሰዎች ስም ጠራቸው። ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ ጥፋቱ አለመስማማቱ ላይ ነው።

ይህን ስሕተት በአንዲት መስመር አረምኩት። ስሕተቱ ጮኾ ስለ ተናገረ ለመያዝ አላስቸገረኝም። ያዋረደኝ ዝም ያለው ሁለተኛው ስሕተት ነው።

ከእርማቱ በኋላ ሥዕሉ እጅግ ያማረ ሆነ። ኮልፌ በሉሁ ግርጌ ላይ መሆኗን ከቁጥሩ ስለማውቅ፣ የግርጌውን ክፍል ቆርጬ በቀለም አሳተምኩት። በመካከሉም አንድ ጉልህ ሸለቆ ስላየሁ «ትንሹ አቃቂ ማለት ይህ ነው» ብዬ ደስ አለኝ። ቀለሙ ስንት ሜትር እንደሚያመለክት የሚገልጸውን ቁጥር ግን አላሳተምኩትም ነበር።

ለእድሩ ከማቅረቤ በፊት ጡረታ ለወጡ ግንበኛ ጎረቤቴ አሳየኋቸው። ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ኮልፌ የቱ ነው?» አሉኝ።

«ይኸው እዚህ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይህ ገደል ምንድን ነው?»

«ትንሹ አቃቂ ነው።»

«ተው እንጂ ልጄ! ትንሹ አቃቂን ልጅ ሳለሁ ስሻገረው ኖሬአለሁ። ይህስ ወደ ጎጃም ስንሄድ ከደብረ ሊባኖስ በታች የሚታየውን ገደል ይመስላል። ደግሞስ እንጦጦን ምን አደረግኸው? ከራስጌያችን አልነበረም ወይ?»

ላብ አሰመጠኝ። ወደ ቤት ሮጬ ኮምፒዩተሩን ስከፍት እውነቱን አገኘሁት። ፋይሉ የሚጀምረው ከሰሜን ምዕራብ ማእዘን ነው፤ ረድፎቹም ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ፓራቪው ግን ረድፎችን ከደቡብ ጀምሮ ወደ ሰሜን ይደረድራል። ስለዚህ አገሩ በሙሉ እንደ እንጀራ ተገልብጦ፣ የጀማ ወንዝ ገደል ከሰሜኑ ጫፍ ተነሥቶ ኮልፌ ላይ አረፈ፤ እንጦጦም ከነከተማው ወደ ሰሜኑ ጫፍ ተሰደደ። ረድፎቹን ብገለብጣቸው ገደሉ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እንጦጦም መጥቶ ከራስጌያችን ቆመ። ሽማግሌው ባይኖሩ ኖሮ፣ እድርተኛው ባዋጣው ገንዘብ ቦዩን የምናስቆፍረው በማናውቀው አገር ተዳፋት ነበር።

ከዚያ በኋላ መጠርጠር ለመድኩ። ዘጠነኛው ዲግሪ ክፍለ ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ አየር ጤናና አካባቢው «ኤን 08 ኢ 038» በተባለው በሌላው ፋይል ውስጥ ይገኛል። ሁለቱን ሳጋጥም አንዱ የጠረፍ ረድፍ በሁለቱም ዘንድ ስለ ተጻፈ፣ አንዱን መተው ግድ ሆነብኝ። በዚያው በደቡቡ ፋይል ውስጥ ቆሼ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። በሥዕሌ ላይ ቦታውን ፈልጌ ባየው የ1992ቱን ከፍታ ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ ወዲህ በ17 ዓመት ውስጥ የተከመረውን አያውቅም። ቁጥሩ አልዋሸም፤ በቀኑ ያየውን ተናገረ። ቀኑን ሳይጠይቅ «ቦታው ደኅና ነው» የሚል ሰው ቢኖር ግን ጥፋቱ የአንባቢው ይሆናል።

ለቦይም ቢሆን ይህ ልክ እንደማይበቃ ተረዳሁ። ሲለኩ ሊቃውንቱ ራሳቸው ለከፍታው የመደቡት የስሕተት ወሰን 16 ሜትር ነበር፤ ለቦይ ደግሞ የአንድ ክንድ ስሕተት እንኳ ውሃውን ወደ ሰው ቤት ይመልሰዋል። ስለዚህ ሥዕሉ ጎርፉ በጠቅላላው ከየት እንደሚመጣ ለማሳየት በእድሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ቦዩ ግን የተቆፈረው በጋሼ ገመድና ውሃ ልክ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁም ሆነ በትምህርት ቤታችሁ ብዙ ቁጥር ታነባላችሁ። የተበላሸ ሥዕል ሲያጋጥማችሁ አትደንግጡ፤ እርሱ ራሱን ያጋልጣል። ያማረ ሥዕል ሲወጣላችሁ ግን ቁጭ በሉና ጠርጥሩ፤ ቀኑን፣ ቅደም ተከተሉንና አቅጣጫውን ጠይቁ። ከዚያም ከማጽደቃችሁ በፊት መሬቱን በእግሩ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።