ሳንጨርሰው የተውነው ቃል

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል በየቤቱ ድስቱና ሰታቴው፣ ጭልፋውም ሳይቀር፣ የቅቤ ሽታ እስኪለቀው ድረስ ይታጠባል። ለሸክላና ለብረት ይህን ያኽል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በዚያው ሳምንት ቡና ተፈልቶ ቆሎ በቀረበ ጊዜ፣ ከቆሎው ጋራ የጎረቤታችንን ስም ስንቆረጥም ጥቂት እንኳ ቅር አይለንም። ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ጾመ ድጓ ግን ጾሙን ለሆድ ብቻ አልተወውም፤ ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም አብረው እንዲጾሙ ያሳስባል። በየዓመቱ ሲዘመር ቆመን እንሰማዋለን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሳንወጣም ‹‹እገሌን አያችሁት?›› እንባባላለን።

አንደበትን መጠበቅ በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ስድብንና ሐሰትን ነው። በገበያ ስለ ጥቂት ብር ልዩነት ቅዱስ ሚካኤልን ምስክር አድርገን የመጥራታችን ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚያሻው ስለ ኾነ ለዛሬ እናልፈዋለን። አሁን ልንናገር የፈለግነው ስድብም ሐሰትም ሳይኖርበት ስለ በደልነው በደል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በመሥሪያ ቤታችን አንድ የሹመት ስፍራ ተከፍቶ ነበር። ለስፍራው ከታሰቡት አንዱ ከእኛ ጋራ ብዙ ዘመን የሠራ፣ በዕድሜ የሚያንሰን ባልንጀራችን ነው። አለቃችን በሻይ ሰዓት፣ ሌሎች ሁለት ባልደረቦች ባሉበት፣ ‹‹ይህ ሰው እንዴት ያለ ነው?›› ብለው ጠየቁን። ‹‹ሰውስ ደግ ሰው ነበረ፤ ብቻ…›› አልንና ብርጭቋችንን አነሣን። ከ‹‹ብቻ›› በኋላ የምንለው ነገር በእውነቱ አልነበረንም። ባለፈው ዓመት በስብሰባ መካከል አንድ ስሕተታችንን በሰው ፊት ስላረመን ቂሙ ከሆዳችን አልወጣም ነበር። ወዲያው ደግሞ ጾም መኾኑን አስታውሰን ዝም አልን፤ ዝም በማለታችንም ራሳችንን እንደ ጭምት ቆጠርን።

በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ ከተነገረው ይልቅ ያልተነገረውን ይሰማል። ያችን ‹‹ብቻ›› ሰሚዎቹ እንደየፍርሃታቸው ሞሏት፤ አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ መጠጥ ጠረጠረ። ስፍራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ3ኛው ምዕራፍ ምላስን በእሳት መመሰሉን ከልጅነታችን ዠምሮ ሰምተናል። ነገር ግን እሳቱ ከብዙ ንግግር የሚነሣ ይመስለን ነበር እንጂ ከግማሽ ዓረፍተ ነገር ይነሣል ብለን አላሰብንም።

ከ55ቱ ቀን አብዛኛው ካለፈ በኋላ ነገሩን ለነፍስ አባታችን ነገርናቸው። ስግደት ያዝዙናል ብለን ጉልበታችንን አዘጋጅተን ነበር። እሳቸው ግን ስግደቱ ይቆይ ብለው፣ መዠመሪያ ወደ ሰውዬው ቤት እንድንሄድ አዘዙን።

የሄድንበት ቀን የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር። በዚያ ሳምንት፣ ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ መስጠቱን በማሰብ፣ ምእመናን መሳሳምን እንደሚተዉ የታወቀ ነው። በሌላ ጊዜ ቢኾን ዐንገቱን አቅፈን፣ ጉንጩን ደጋግመን ስመን፣ የልጆቹን ጤና ስንጠይቅ ነገሩን ባድበሰበስነው ነበር። ያን ዕለት ግን ከአፋችን በቀር ምንም ሳንይዝ ደጁ ላይ ቆምን።

‹‹ይግቡ እንጂ፣ ጋሼ›› አለን። ተቀምጠን የተናገርነውን ቃል በቃል፣ ‹‹ብቻ››ዋንም ሳናስቀር ነገርነው። ብዙ ጊዜ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና፣

‹‹ስንት ሰው ሰማ?›› ብሎ ጠየቀን።

‹‹ሦስት›› አልነው።

‹‹እንግዲያስ ለሦስቱም ይንገሩልኝ›› አለን፤ እስከ በሩም ሸኘን።

ሁለቱን ከፋሲካ በኋላ አግኝተን ነግረናቸዋል። አንደኛው ሳቀብን። ሌላው ያን ጊዜ የሰማውን ለሚስቱ፣ ሚስቱም ለማኅበርተኞቿ እንዳወጋች ነገረን። አለቃችን ግን በዚያው ወራት ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተዋል። በስልክ መንገሩ ነውር መሰለን። ቤታቸው ከአውቶቡስ መውረጃው ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ መኾኑን ጠይቀን ተረድተናል፤ ገና አልሄድንም።