መርዶ የነገረ ሰው ትቶ አይሄድም



የቴሌቪዥን ዜና ስትከታተሉ አንባቢው ድንገት ቆም ብሎ፣ ቀጥሎ የሚታየው ምስል ሊረብሽ እንደሚችልና ልጆች እንዳያዩት ሲያሳስብ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ይህ ልማድ በአሜሪካ ከቴሌቪዥን አልፎ ወደ ትምህርት ክፍል ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ባርባራ ተማሪዎች ምክር ቤት፣ መምህራን ስለ ግፍና ስለ ጭካኔ ከማስተማራቸው በፊት ተማሪውን አስቀድመው እንዲያስጠነቅቁ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ተማሪዎቹ በላከው ደብዳቤ እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ እንደማይደግፍ አስታወቀ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። አንዱ ወገን የቆሰለን ሰው ሳይነግሩ ቁስሉን መንካት ጭካኔ ነው ይላል። ሌላው ወገን ወጣቱን ከክፉ ወሬ ሁሉ ስትሸሽጉት ልቡ ሳይጠነክር ያድጋል ይላል።

«ይህ የጥጋበኞች ክርክር ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔ የምጽፍላችሁ ከዋግ ኽምራ፣ ከደሃና ነው። በመድረሳ ያደግሁ፣ ዛሬም የሰፈሩን ልጆች ቁርኣንና ፊቅህ የማስቀራ ሰው ነኝ። ቀለም ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ልፈርድ አልተነሣሁም። ጥያቄው ግን በየቤታችን አለ። ከባድ ነገር ለልጅ እንዴት ይነገራል? ይደበቅለት ወይስ በድንገት ይነገረው? ከሁለቱ ሌላ መንገድስ የለም?

መንገዱ አለ፤ እኛም እናውቀዋለን። እስቲ በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡት። ዘመድ የሞተበት ሰው መንገድ ላይ አይነገረውም፤ ገበያ መሀልም አይነገረውም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማን ይንገረው፣ መቼ ይነገረው ብለው ይመክራሉ። አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ፣ ባለቤቱ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ይሄዳሉ። ያ ሰው በሩን ከፍቶ የሚያከብራቸውን ሰዎች በደጁ ቆመው ሲያይ ልቡ ይነግረዋል፤ ማስጠንቀቂያው ይህ ነው። ከዚያም እውነቱ ሳይሸፋፈን ይነገረዋል። ሲጮኽ የሚይዘው፣ ሲወድቅ የሚያነሣው አለ። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እኛ በዚህ አገር በቁጥር ጥቂት ብንሆንም በኀዘን ቀን ጥቂትነታችን ተሰምቶን አያውቅም። ምግቡም ከየጎረቤቱ ይመጣል። ይህስ የማን ሱና ነው? ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች የመሩት ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) በሙእታ ዘመቻ የተገደሉ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አላዘዙምን?

እንግዲህ በመርዶ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ማዘጋጀት ነው፤ ሁለተኛው እውነቱን መናገር ነው፤ ሦስተኛው አብሮ መቀመጥ ነው። የአሜሪካኖቹ ክርክር በአንደኛው ላይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ቀደም ሲል የተደረጉ 12 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ብቻውን የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ሰውን ነገሩ ከመምጣቱ በፊት ያስጨንቀዋል፤ ነገሩ ሲመጣ ግን ጭንቀቱን አይቀንስለትም። እኔን ይህ አልደነቀኝም። መርዶ ነጋሪ ደጅ ላይ ቆሞ «ክፉ ነገር ልትሰማ ነው» ብሎ ቢሄድ፣ ባለመርዶውን አስደነገጠው እንጂ ምን ጠቀመው?

ውድ አንባቢያን! በእኛ አገር ግን ይህ መልካም ሥርዓት ራሱ በጦርነቱ ተሰበረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ዋግ ኽምራ ገባ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ከአበርገሌ፣ ከጻግብጂና ከሌሎችም ወረዳዎች ሕዝብ ተፈናቀለ። መንገድ ተዘጋ፤ ስልክ ተቋረጠ። የሞተ ሰው መርዶው ከወራት በኋላ የሚደርስበት ጊዜ ሆነ። ስልኩ ሲመለስ ደግሞ መርዶው በሽማግሌ መምጣቱ ቀርቶ በምስል መጣ። ልጅ ከብት እየጠበቀ፣ ሜዳ ላይ ብቻውን፣ ከጓደኛው ስልክ ላይ የሚያውቀውን ሰው አስከሬን አየ። ማንም አላዘጋጀውም፤ ማንም አብሮት አልተቀመጠም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል።

እኔ የማስቀራቸው ልጆች እነዚህ ናቸው። በፊቅህ ኪታብ ደግሞ የሰላት ምዕራፍ ሲያልቅ የጀናዛ ምዕራፍ ይመጣል። ሬሳ እንዴት ይታጠባል፣ እንዴት ይከፈናል፣ እንዴት ይሰገድበታል የሚል ነው። ከደረሶቼ መካከል አባቱ በጦርነቱ ከቤት ርቆ የሞተበት፣ መቃብሩንም ያላየ አንድ ልጅ ነበረ። ጎረቤቶች «ይህን ምዕራፍ እለፈው፤ ለልጁ እዘንለት» አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ «ምን ታባብለዋለህ? ወንድ ልጅ ነው፤ ይጠንክር» አለኝ። ሁለቱም ለልጁ አስበው ነው።

እኔ ግን እንደ መርዶው አደረግሁ። ሁለት ቀን አስቀድሜ ልጁን ከአጎቱ ጋር ጠርቼ «ሰኞ የጀናዛ ምዕራፍ እንጀምራለን። ከባድ ይሆንብሃል። አጎትህ አጠገብህ ይቀመጣል። ከከበደህ ውጣ፤ ሲቀልህ ተመለስ» አልሁት። ሰኞ ዕለት ስለ ከፈን ስናነብ ልጁ ተነሥቶ ወጣ፤ አጎቱም ተከተለው። ኪታቡን ዘግተን ጠበቅናቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰና ቆሞ ጠየቀኝ። «አባቴን ማን አጠበው? ማን ሰገደበት? ካልተሰገደበትስ ምን ይሆናል?»

አያችሁ? ይህ ልጅ ከአንድ ዓመት በላይ ይህን ጥያቄ ይዞ ያድር ነበር። እኛ እናስታውሰው ይሆን ብለን ስንፈራ፣ እሱ አንድ ቀንም አልረሳውም ነበር። ምዕራፉን ብዘለው ኖሮ ጥያቄው ከልጁ ጋር ይቀር ነበር።

መልሱም ከዚያው ከምዕራፉ ውስጥ ነበረ። የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ በዚህ በእኛ አገር በሞቱ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሆነው ለሰሐባዎቹ አረዷቸው፤ ወደ መስገጃውም አውጥተው አሰለፏቸውና በአራት ተክቢራ ሰገዱባቸው። በሻፊዒይ መዝሐብ የምንቀራው ሰላተል ጋኢብ፣ ማለትም በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደው ሰላት፣ መሠረቱ ይህ ነው። ይህን ለልጁ ነገርሁት። በሚቀጥለው ጁሙዓ ጀመዓው በአባቱ ላይ ሰገደ፤ ልጁም ከሰፉ ውስጥ ቆመ። ኀዘኑ በዚያ ቀን አለቀ አልላችሁም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ አባቱ ሲወራ ከክፍል አይወጣም፤ እንዲያውም ራሱ ያወራል።

ዝምታ ልጅን እንደማያድን የማውቀው ከዚህ ልጅ ብቻ አይደለም። የተወለድሁት ከ77ቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ዘመን የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ኮረም ወረደ። ኬንያዊው ሙሐመድ አሚን በዚያ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ሲታይ ዓለም አለቀሰ። የሩቅ ሰው የእኛን ሰው ሲሞት አየ፤ በእኛ ቤት ግን ስለዚያ ዘመን አይወራም ነበር። እናቴ ኮረም የሚለውን ስም ስትሰማ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ውጭ ትወጣ ነበር። ከእኔ በላይ አንዲት እህት እንደነበረችኝ ያወቅሁት ጢም ካበቀልሁ በኋላ፣ ከአክስቴ አፍ ነው። እናቴን አልወቅሳትም፤ ልታድነን ብላ ነው። እኛ ልጆቿ ግን እናታችን ስለምን እንደምትወጣ ሳናውቅ፣ ያጠፋነው ነገር ያለ እየመሰለን አደግን።

ታዲያ የዘመኑ ልጆች ልበ ደካማ ናቸውን? በየሰርጉና በየለቅሶው ይህ ሲባል እሰማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ የአእምሮ ሕመም አለበት። ይህን ቁጥር ከሁለት በኩል አንብቡት። ከአምስት አንዱ ታሟልና እንደ ማንኛውም በሽተኛ ሊታከም ይገባዋል። የቀሩት አራቱ ደግሞ ያንን ሁሉ አይተው ቆመዋል።

የቆሙትን ምን አቆማቸው? በሃዋይ ደሴቶች በአንዲቱ፣ በካዋይ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል። በድህነትና በችግር ቤት ካደጉት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ጤነኛና ጠንካራ ሰዎች ሆኑ። እነዚህን ከረዷቸው ነገሮች ዋነኛው፣ ቢያንስ አንድ የሚወዳቸውና የማይተዋቸው ታላቅ ሰው በአጠገባቸው መኖሩ ነበር። እኛስ ይህን ከሲራ አናውቀውምን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አባታቸው የሞቱት ሳይወለዱ ነው፤ እናታቸው በስድስት ዓመታቸው፣ አያታቸው በስምንት ዓመታቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ግን አጎታቸው አቡ ጣሊብ ነበሩ። አላህ የቲሙን ያለ አስጠጊ አልተወውም።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውንም ተውት። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) ለዩሱፍ ሲያለቅሱ ዓይናቸው ነጣ፤ ነገር ግን ሰብራቸው የተወደሰ ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በእቅፋቸው ሲያጣጥር ዓይናቸው አነባ። ሰብር ማለት እንባ ማጣት ቢሆን ኖሮ እነሱ ባላለቀሱ ነበር።

ስለ ማስጠንቀቅም ቢሆን ከኡሑድ የተሻለ ትምህርት የት እናገኛለን? ሐምዛ (ረ.ዐ.) ተገድለው ሰውነታቸው ተቆራርጦ ነበር። እህታቸው ሰፊያ ሊያዩዋቸው ሲመጡ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸውን ዙበይርን ሂድና መልሳት አሏቸው። ሰፊያም ወንድማቸው የሆኑትን እንደሰሙና ሰብር እንደሚያደርጉ ተናገሩ። ነቢዩ ይህን ሲሰሙ መንገድ እንዲለቀቅላቸው አዘዙ፤ ሰፊያም ገብተው አዩ፤ ዱዓእም አደረጉ። ልብ በሉ! በመጀመሪያ ተከላከሉላቸው፤ ቀጥሎ የልባቸውን ሰሙ፤ በመጨረሻም ፈቀዱላቸው። ልጃቸውም በዚያው ነበረ።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሆይ! ለልጃችሁ ከባድ ነገር መንገር ግድ ሲሆንባችሁ አስቀድማችሁ አዘጋጁት፤ ነገር ግን አዘጋጅታችሁ አትሂዱ። እንደ ዕድሜው እውነቱን ንገሩት፤ የሞተውን «መንገድ ሄዷል» አትበሉት፤ በር በሩን ሲያይ ይኖራልና። የአስከሬን ምስል በስልክ ቢደርሳችሁ ለሌላ አታስተላልፉ፤ የሚቀበለው የማን ልጅ እንደሆነ አታውቁም። ልጃችሁ አይቶት ከሆነም ስልኩን ነጥቃችሁ ከመቆጣት በፊት ምን እንዳየ ጠይቁት። ሳምንታት አልፈውም እንቅልፍ ካጣ፣ በሌሊት እየጮኸ ከተነሣ፣ ከሰው ከሸሸ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዱዓእ ማድረግና ሐኪም ማሳየት አይጣሉም።

ከሁሉም በላይ ግን ከነገራችሁት በኋላ ተቀመጡ። ባትናገሩም ግድ የለም። በለቅሶ ቤት ያለ ሰው ብዙ አይናገርም፤ መቀመጡ ይበቃል።

አላህ የሞቱብንን ይማርልን፤ የቀሩልንን ልጆች ልብ ያጽናልን። አሚን።