ቀዮቹ ቄቦችና ገብስማዋ

ባለፈው ክረምት አንዲት ቄብ ሞተችብን። የገደላት ሽለምጥማጥ አይደለም። ጭልፊትም አይደለም። የገደሏት ዶሮዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጥፋቱ ግን የኛ ነበር። እንዴት እንደሆነ እንንገራችሁ።

እኛ ባልና ሚስት ነን። የምንኖረው ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ጉና ተራራ በሚታይበት በፋርጣ ደጋ ነው። አምስት ያበሻ ዶሮዎችና አንድ አውራ ነበሩን። በሰኔ ወር አራት ቀይ ቄቦች ገዛን። የፈረንጅ ዝርያ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሦስት ወር ነው። ብዙ እንቁላል ይጥላሉ ተባልን። የልጃችንን ደብተርና ጫማ ከእንቁላሉ ዋጋ እንገዛለን ብለን አሰብን።

ከገበያ እንደገባን ቄቦቹን ከነባሮቹ ጋር ቀላቀልናቸው። ጠቡ ያን ጊዜውኑ ጀመረ።

ከነባሮቹ አንዷ ገብስማ ናት። የዶሮዎቹ እመቤት እሷ ናት። ጥሬ ሲበተን ቀድማ ትለቅማለች። ከቆጡም ጥሩውን ቦታ ትይዛለች። ከሷ ቀጥላ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ሦስተኛዋ አለች። እናንተም ቤት እንዲሁ ነው፤ ልብ ብላችሁ እዩ። ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤበ የሚባል የኖርዌይ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ይመለከት ነበር። ማን ማንን እንደሚነቁር እየተከታተለ፣ ይህንኑ ተራ በ1922 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎ አወጣው። እንግዳ ዶሮ ሲገባ ተራው ይፈርሳል። እንደገና እስኪያዝ ድረስ መነቋቆር አለ። ሜዳው ሰፊ ከሆነ የተሸነፈችው ሸሽታ ታመልጣለች። የኛ ቄቦች ግን ወዴት ይሽሹ?

ክረምቱ ከበደ። ዝናብና በረዶ ስለበዛ ዶሮዎቹን ቀኑን ሙሉ ዘጋንባቸው። ቤቱ ጠባብ ነው። የምንሰጣቸው ገብስ ብቻ ነበር፤ ያውም በአንድ ገበቴ። አንድ ማታ ከአንዷ ቄብ ጭራ ሥር ደም አየን። «ነገ እናየዋለን» ብለን ተኛን። ጧት ስንነሳ አንጀቷ ተጎትቶ ወጥቶ፣ ሞታ አገኘናት። ዶሮ ደም ካየች መንቆር አትተውም። አንዷ ስትጀምር ሌሎቹም ይከተላሉ።

በዚያው ሳምንት የሁለተኛዋ ቄብ ላባ ተነቅሎ ሥጋዋ ታየ። አሁን አልዘገየንም። ወዲያው ለየናት። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተን፣ ሁለት ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨመርንበት። ለብ ሲል ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጠብነው። ከዚያም ማር ስስ አድርገን ቀባንበት። ዝንብ እንቁላሉን ጥሎ ትል እንዳያፈራባት ጧትና ማታ እናይላት ነበር። ሙቀት ባለበት ጥግ፣ በቅርጫት ሥር፣ ውሃና ጥሬ ሰጥተን አስቀመጥናት።

በስምንተኛው ቀን ስትሻላት መለስናት። እኩለ ቀን ሳይደርስ ገብስማዋ አሳዳ ነቆረቻት። ቁስሉ እንደገና ደማ። ተናደድን። ገብስማዋን ለማረድ ተስማማን። ዳሩ ግን ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ነፍሷን ያተረፈው ጾሙ ነው።

ነገሩን ለጎረቤታችን ለእማሆይ አጫወትናቸው። እሳቸውም፣ «ልጆቼ፣ የተመታችውን ለምን ታስራላችሁ? መቺዋን አውጧት እንጂ!» አሉን።

እውነትም ይህን አላሰብንም ነበር። የምናወጣው ሁልጊዜ የተጎዳችውን ነው። እሷ በሌለችበት መቺዋ ቦታዋን ታጸናለች፤ ስትመለስም እንደ እንግዳ ትቆጥራታለች። ስለዚህ ገብስማዋን ወስደን እማሆይ ጓሮ አስቀመጥናት። ቁስለኛዋን ግን እስክትድን ድረስ ለይተን አቆየናት፤ ቅርጫቱን ሌሎቹ በሚያዩት ቦታ አደረግነው፣ እንዳይረሷት።

ገብስማዋ እዚያ ስትቆይ ቤቱን አስተካከልን። በአንዱ ገበቴ ፈንታ ሦስት አደረግን፤ አራርቀን አስቀመጥናቸው። በገብሱ ላይ የኑግ ፋጉሎና ጥቂት ጨው ጨመርን። ገብስ ብቻ የምትበላ ዶሮ የጎደላትን ፍለጋ የጓደኛዋን ላባ ልትነቅል ትችላለች። ጎመን አሥረን አንጠለጠልንላቸው፤ እርስ በርስ ከመነቋቆር ጎመኑን ይንቆሩ ብለን ነው። እንዲታጠቡበት ደረቅ አመድ በአንድ ጥግ አፈሰስን። ዝናቡ ባባራ ቁጥርም በሩን እንከፍት ጀመር።

ከአሥር ቀን በኋላ ቁስለኛዋን በምሽት ከቆጡ ላይ አወጣናት። በሦስተኛው ቀን ገብስማዋን እንዲሁ በምሽት መለስናት። ጨለማ ሲሆን ዶሮ አትጣላም፤ ሲነጋም አብረው ይነሳሉ። በማግስቱ ወደ ገበቴው ስትጠጋ ከነባሮቹ አንዷ በመንቁሯ መለሰቻት። እመቤቲቱ አሁን እንግዳ ሆናለች! ሁለት ሦስት ቀን ተጓሸሙ። ደም ግን አላየንም።

በመስከረም ሁለት ቄቦች ጨመርን። አንዷን ብቻ ማስገባት ለብቻዋ ማስመታት ስለሆነ ሁለት ገዛን። ፈንግል ወይም ሌላ በሽታ ይዘው እንደሆነ ብለን ሦስት ሳምንት ራቅ አድርገን አቆየናቸው። ከዚያ አንድ ሳምንት በእንጨት አጥር እየተያዩ ዋሉ። በመጨረሻ በምሽት ከቆጡ ላይ አወጣናቸው። ጥቂት ላባ ረገፈ፤ ሌላ ነገር አልደረሰም።

ቀዮቹ እንቁላል ይጥላሉ፤ መታቀፍ ግን አያውቁም። በጥቅምት ገብስማዋ ልታቀፍ አለች። አሥራ አንድ እንቁላል አስታቀፍናት፤ ሰባቱ የቀዮቹ ነበሩ። በ21ኛው ቀን ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች። ጫጩቶቿን ይዛ ወደ ደጅ ስትወጣ ቀዮቹ ራቅ ይሉላታል።