በሰው ቤት ዋይፋይ

እናቴ ስለ ኢንተርኔት አጥብቃ የምታውቀው አንድ ነገር ቢኖር የሰው ንብረት መሆኑን ነው። ሪያድ ካለችው እህቴ ጋር መነጋገር ባማራት ቁጥር፣ «ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ልንሄድ ነው?» ትለኛለች። ስልኩ የራሷ ነው። ልጅቱም የራሷ ናት። ናፍቆቱንም ከማንም አልተበደረችውም። ዋይፋይ የሚሉትን ነገር ግን እስከ ዛሬ ያገኘችው በሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው።

እኔ አዲስ አበባ የምኖር፣ ተምሬአለሁ የምል ልጇ፣ ይህን አባባሏን ብዙ ጊዜ በፈገግታ አልፌዋለሁ። «አሁንማ ጥሪ በነፃ ሆኗል እኮ፣ እማ!» እያልኩ ላስረዳት እሞክር ነበር። የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እንዴት እንደገባኝ ላጫውታችሁ።

አገራችን ሐራ ናት። ከወልድያ ወደ ጭፍራና ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች፣ ደገኛውና አፋሩ የሚገበያዩባት ቆላማ ከተማ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስሟ የተነሣው በባቡር ሐዲድ ምክንያት ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ሐዲድ መድረሻው ሐራ ገበያ እንዲሆን፣ ከመቀሌ የሚመጣውም እዚያው እንዲገናኘው ታቅዶ ሥራው ተጀመረ። ይህን እስከምጽፍ ድረስ ግን መንገደኛ ጭኖ ያለፈ ባቡር አላየሁም። ልጆቿ ባቡሩን ሳይጠብቁ በሌላ መንገድ ሄዱ። በኛ ሰፈር ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ልጅ ሳለሁ ጂዳ የነበረች አክስቴ ድምጿን በካሴት ቀድታ ትልክልን ነበር። ካሴቱን የሚያመጣው ሰው ሲደርስ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ቴፑ መሀል ላይ ይቀመጣል። ሰላምታው ብቻ የካሴቱን ግማሽ ገጽ ይፈጃል፤ የእያንዳንዱ ጎረቤት ስም፣ የላሟ ደኅንነት ሳይቀር ይጠየቃል። አክስቴ «እንዴት ናችሁ?» ስትል እናቴ ቴፑን ታቆምና «እኛ ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ መልሳ ታስነሣዋለች። እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ከዚያ የስልኩ ዘመን መጣ። ዘመድ ከዓረብ አገር ሊደውል ሲል ቀጠሮ ይላካል፣ ወልድያ ድረስ ይኬዳል፣ ቴሌ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠበቃል። ተራ ሲደርስ ሳጥን ቢጤ ክፍል ውስጥ ገብቶ መጮህ ነው። ያ ሁሉ መንገድ ተኬዶ የሚወራው ሦስት ደቂቃ ነበር። ደቂቃ በገንዘብ ሲቆጠር ሰላምታ ያጥራል፤ የላሟን ነገር የሚያነሣ የለም።

በኢንተርኔት መደወል የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኢንተርኔት ቤት ነው። ባለቤቱ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቶ፣ «ቀስ ብለህ አውራ» አለኝ። ምክንያት ነበረው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅ ግንኙነት ማድረግንም ሆነ አገልግሎቱን ማቅረብን ከልክሎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ያኔ «ኢትዮጵያ ስካይፕን ከለከለች» የሚል ወሬ ዓለምን አዳረሰ፤ መንግሥትም የተከለከለው ጥሪን መነገጃ ማድረግ እንጂ ሰው ከዘመዱ ጋር መነጋገሩ አይደለም ሲል አስተባበለ። እነሆ ያ ሁሉ ወሬ የተወራበት ስካይፕ፣ በ1995 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ በ2017 ዓ.ም. ራሱ ተዘጋ። እኛም ማዳመጫውን አውልቀን፣ ኢሞና ዋትሳፕ ያለበትን የእጅ ስልክ ይዘን፣ በየሰዉ ግድግዳ ሥር መቀመጥ ለመድን።

እህቴ ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ የሄደችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ጊዜው ቀንቷት ነበር ማለት ይቻላል፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በኢንተርኔት የሚደረግ ጥሪን ለዓመታት ዘግታ ቆይታ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ገደማ እገዳውን አንሥታለች። አሠሪዋ ቤት ዋይፋይ ስለነበረ በየሁለት ቀኑ በኢሞ ትደውል ነበር። እናቴም መልኳን እያየች ከስታለች ወፍራለች ትላለች።

አንድ ቀን እናቴ ድምፁ ለምን እንደሚቆራረጥ ጠየቀችኝ። መደበኛው ስልክ ለሁለት ሰዎች ብቻ መስመር ይይዝላቸው እንደነበረ ነገርኳት። ይኸኛው መስመር አይዝም። ድምፅን ወደ ቁጥር ይለውጥና አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ሃምሳ ቦታ ይቆራርጠዋል። እያንዳንዷ ቁራጭ አድራሻዋ ተጽፎባት ለብቻዋ ትጓዛለች፤ ከስልኩ እስከ ዋይፋዩ ሳጥን በሬዲዮ ሞገድ፣ ከሳጥኑ ወዲያ በገመድ፣ ባሕር ሲደርስ በባሕር ሥር። ማዶ ያለው ስልክ ቁራጮቹን በየተራቸው ደርድሮ እንደገና ድምፅ ያደርጋቸዋል። የዘገየችውን አይጠብቃትም፤ ዘሏት ይሄዳል። ቃል መሀሉ የሚጎድለው ለዚህ ነው። እናቴ ጥቂት አሰበችና፣ «የዘገየችዋስ የት ትሄዳለች?» አለችኝ። «ትጣላለች» አልኳት። ደስ አላላትም።

እህቴ ያለችበት ቤት ሕግ ነበረው። እመቤቲቱ ማታ ስትተኛ የዋይፋዩን ሳጥን ታጠፋዋለች፤ የምታበራው ከሱብሒ ሶላት በኋላ ነው። የተናደደች ቀን ደግሞ የይለፍ ቃሉን ትለውጠዋለች። አንድ ሸሚዝ በመተኮሻ ተቃጥሎ እህቴ ለአሥራ ሁለት ቀን ጠፋችብን። ደመወዟ አልተቆረጠም፤ የተቆረጠችው እናቷ ናት።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ። መብራት፣ ባንክ፣ ስልክ፣ ሁሉም ተቋረጠ። እኔ ከአዲስ አበባ፣ እህቴ ከሪያድ፣ ጠዋትና ማታ የማይሠራ ቁጥር እንደውል ነበር። ከዚያም እርስ በርሳችን እንደዋወላለን። «አገኘሃቸው?» «አንቺስ?» እንዲህ እያልን አራት ወር አለፈ። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ነፃ ስትወጣ መንገድ እንደተከፈተ ሄድኩ። እናቴን በር ላይ ሳያት ገባኝ። አባታችን በጥቅምት ሞቷል። ሕመሙ ስኳር ነበር፤ መድኃኒቱ አልቆበት ነው። ቅሬው ተሰብስቦ ቀብሮታል። እኛ በስልክ ስንጠራው አባባ ከአፈር በታች ነበር።

እኔ አልቅሼ ወጣልኝ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ከባድ ነበር፤ ለእህቴ ማን ይንገራት? መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ የቅርብ ሰው ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው። እሷ ደግሞ በባዕድ ቤት ብቻዋን ናት። «በስልክ ብቻዋን ሰምታ ራሷን ብትጎዳስ? አይሆንም» አለች እናቴ።

ኔትወርክ ተመለሰ። እህቴም በኢሞ ደወለች፤ በምስል። መሸሸግ ምን ያህል እንደከበደ ያየሁት ያኔ ነው። በካሴቱ ዘመን ቢሆን ውሸቱን ቀድቶ መላክ ነበር። በቴሌው ዘመንም ሦስት ደቂቃ መዋሸት አይከብድም። ካሜራ ፊት ግን ፊት አለ። እናቴ ዒዳ ላይ ነበረች፤ ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን እስኪሞላ ኩል አትኳልም፣ ሒና አትነካም። እህቴ ደግሞ ኩል የሌለበትን የእናቷን ዓይን አይታ አታውቅም። ጎረቤቶች፣ «ለጥሪው ብቻ ትንሽ ተኳይ» አሏት። እሷ ግን፣ «ለልጄ ብዬ ባሌን አልዋሸውም» አለች። ስለዚህ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ እየሳበች፣ ስልኩን አዘንብላ እየያዘች ታወራ ጀመር። «አባባስ?» ሲባል፣ «መስጊድ ነው፣» «ገበያ ወርዷል፣» «ተኝቷል።» በአራተኛው ጥሪ እህቴ፣ «ምነው ፊትሽን ደበቅሽኝ፣ እማ?» አለቻት። እናቴ ስልኩን ለኔ አቀብላኝ ወደ ጓሮ ወጣች።

መላውን ያመጣችው ሪያድ ያለች የጎረቤታችን ልጅ ናት። «እኛ መርዶውን እንንገራት፣» አለችኝ፣ «እንደ አገራችን ደንብ ተሰብስበን።» የሐራና የመርሳ ልጆች ናቸው፣ ስድስት፤ ሁሉም ከየአሠሪዎቻቸው ቤት መውጣት የማይችሉ። እንዴት እንደሚሰበሰቡ ስጠይቃት፣ «በኢሞ ነዋ!» አለችኝ።

አንድ ዓርብ ቀን፣ ከሱብሒ በኋላ፣ የየእመቤቶቻቸው ሳጥን እስኪበራ ጠብቀው አንድ በአንድ ገቡ። እኔም ከሐራ፣ የሰፈራችንን ሽማግሌ አጠገቤ አስቀምጬ ገባሁ። የስልኬ መስኮት ስምንት ቦታ ተከፈለ። አንዷ ኩሽና ውስጥ፣ አንዷ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ አንዷ ደረጃ ሥር ቆማለች። ሁሉም ሻሽ አሥረዋል። እህቴ መጨረሻ ገባች። ገና ስታያቸው፣ ማንም ሳይናገር፣ «ማን ነው?» አለች። «እናቴ ናት?» ሽማግሌው ኢናሊላሂ ብለው ነገሯት። ስድስቱም አብረዋት አለቀሱ። እመቤት እንዳይሰማ አፋቸውን በሻሽ አፍነው የሚያለቅሱ ልጆች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፁ እየተቆራረጠ ይመጣል፤ የዘገየችው እንባ ተዘልላ ሌላዋ ትደርሳለች። መሀል ላይ አንዷ መስኮት ጠቆረች፤ እዚያ ቤት ሳጥኑ ጠፍቶ ነበር። የቀሩት ግን አልተነሡም፤ ፀሐይ እስክትወጣ አብረዋት ቆዩ። ሽማግሌው ዱዓ ሲያደርጉ፣ ያቺ የጠፋችው ልጅ ተመልሳ ገብታ «አሚን» ስትል ሰማኋት።

የእህቴ እመቤት ልቅሶውን ሰምታ ወደ ኩሽናው መጣች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ጣሪያ ብቻ ነበር የሚያሳየኝ። ኋላ እህቴ እንደነገረችኝ፣ ሴትዮዋ ምንም ሳትናገር ውኃ ሰጥታት ወጣች። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ሦስት ሌሊት ሙሉ ሳጥኑን ሳታጠፋው አደረች። እናቴና እህቴም ሦስቱን ሌሊት አብረው አነጉ። ወሬ እንኳ አልነበራቸውም፤ ስልኮቹን ትራስ ላይ አስደግፈው ይተያያሉ። አራተኛው ቀን ሳጥኑ እንደ ወትሮው ጠፋ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በገመድ የሚመጣው ግን በአንዳንድ ቤቶች ይሠራ ነበር። እናቴ መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ወልድያ ትወጣና አንድ ሆቴል ግድግዳ ሥር ትቀመጣለች። ሻይ አዝዞ መግባቱን አትወደውም። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ስለሆነ ሞገዱ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ ይደክማል፤ እህቴ ትታይና ትደርቃለች። እናቴ የደረቀውን ምስል እያየች ትጠብቃለች። ዘበኛው ጥቂት ተመለከታትና ሳይጠየቅ ወንበር አምጥቶ፣ «እዚህ ማዕዘን ላይ ይሻላል፣ እናቴ» ብሎ አስቀመጣት። እውነትም ይሻል ነበር። ልጅቱ መናገር ጀመረች።

ስንመለስ እናቴ ከዘምቢሏ አራት ማንጎ አውጥታ ለዘበኛው ሰጠችው። «ቤቱ የሱ አይደለም እኮ፣ ዋይፋዩም የሱ አይደለም» አልኳት፣ መንገድ ላይ።

«ወንበሩን ያመጣው እሱ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ «ጥሪ በነፃ ሆኗል» ብያት አላውቅም።