አስቸኳይ

አባቴ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነበር። አንድ ጊዜ የዕድሩ ድንኳን ተቀዶ ሸራ ሊገዛ ወረታ ወረደ። በዚያ ሳምንት ሸራ የተገኘው አንድ ነጋዴ ዘንድ ብቻ ነው። እሑድ ዕድርተኛው ሲሰበሰብ፣ አባቴ ማንም ሳይጠይቀው ብድግ አለ። የገባባቸውን ሱቆች፣ ነጋዴው መጀመሪያ የጠራውን ዋጋ፣ ተከራክሮ ያወረደውን ብር አንድ በአንድ ተናገረ። ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «ለመሆኑ ነጋዴው ዘመድህ አይደለም?» አሉት።

«የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው። ምስክር ይዤ የሄድኩትም ለዚሁ ነው» አለ። ሳቁና ሒሳቡን ተቀበሉት።

እኔ አድጌ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ሠራተኛ ስሆን፣ የአባቴ ንግግር በአንቀጽ ተጽፎ አገኘሁት። በፌዴራል መንግሥት የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ዋናው መንገድ ግልጽ ጨረታ ነበር፤ ከአንድ አቅራቢ መግዛት የሚፈቀደው ምክንያት ሲኖር ነበር። ዕቃው በቴክኒክ ምክንያት ከአንድ አቅራቢ በቀር የማይገኝ ሲሆን፣ ለነባር ዕቃ መለዋወጫ ሲያስፈልግ፣ በመጀመሪያው ውል ያልታሰበ ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ጉዳዩ አስቸኳይ ሆኖ መዘግየቱ ከባድ ችግር እንደሚያስከትል የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሲወስን። ከጨረታ ለመሸሽ ግዥን መከፋፈልም ክልክል ነበር።

እኔ የለመድኩት «አስቸኳይ» የምትለዋን ነበር።

ቃሏ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለችም። በ1998 ክረምት የፎገራና የሊቦ ከምከም ወረዳዎች በውኃ ሲዋጡ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ጨረታ በጋዜጣ አውጥቶ ቀን የሚቆጥር ማን ነበር? ሕጉ በሩን ገርበብ ያደረገው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ችግሩ ግን፦ ወንዞቹ ጉማራና ርብ ጠባያቸውን ደብቀው አያውቁም። ክረምት ሲበረታ ሞልተው የሩዙ ማሳ ላይ ይተኛሉ፤ ይህን የፎገራ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን በዓመቱ የግዥ ዕቅድ ላይ ወረቀትና ቀለም ስዘረዝር ለጎርፍ መከላከያ አፈር የሚሞላበትን ጆንያ አልጽፍም። ነሐሴ ሲገባ ደብዳቤ አዘጋጃለሁ፦ «ባልታሰበ ጎርፍ ምክንያት ግዥው አስቸኳይ በመሆኑ…»። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መጻፉም ቀረ። የአምናውን ከኮምፒውተሩ ከፍቼ ቀኑን ብቻ እቀይራለሁ። ነጋዴው የጠራውን ዋጋ ተከራክሬ አላውቅም፤ ዘመዴ መሆን አለመሆኑንም የጠየቀኝ የለም።

አንድ ማታ ደብዳቤውን ቤት ይዤ ገባሁ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበና «አምና ክረምት አልገባም ነበር እንዴ?» አለኝ።

አፈርኩ። በቀጣዩ ሰኔ ጆንያውን በዕቅዱ ላይ አሰፈርኩ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተከፈተ። ገንዘቡ እስኪለቀቅ ግን ጉማራ አልታገሠንም።

ዛሬ ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ገብቷል። አባቴ ሕግ ሳይኖረው ቆሞ ያስረዳ ነበር። እኔ ግን ሕጉን በቃሌ እያወቅሁ፣ በዚያም ነሐሴ ደብዳቤውን ከፍቼ ቀኑን ቀየርኩ።