የክረምቱ ቴአትር ያስተማረኝ

እኔ በዳንግላ አካባቢ በአዊኛ አፌን የፈታሁ ልጅ ነኝ። ከተማ ትምህርት ቤት ስገባ አማርኛው ስለሚያስቸግረኝ፣ መልሱን እያወቅሁ እንኳ እጄን አላነሣም ነበር።

በአንድ የክረምት ዕረፍት እንጅባራ አጎቴ ቤት ሄጄ ከልጆች ጋር ቴአትርና ዘፈን ተለማመድሁ። ቴአትሩ ስለ አገው ፈረሰኞች ነበር። በ1888 ዓ.ም. አባቶቻችን በፈረስ ወደ ዐድዋ መዝመታቸውን፣ በ1932 ዓ.ም. የፈረሰኞቹ ማኅበር መመሥረቱን፣ በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በጉግስና በሽርጥ መከበሩን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ለእኔ የደረሰኝ፣ በአዊኛ መርቆ በአማርኛ የሚተርከው ሽማግሌ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ድምፄ ጠፋ፤ ልጆቹም ሳቁ። አሠልጣኛችን ግን፣ «ሽማግሌ አይቸኩልም፤ ቀስ ብለህ ተናገር» አሉኝ። ቀስ ባልሁ ጊዜ ቃሉ ታዘዘልኝ።

ዘንድሮ እናቴ ታምማ ባሕር ዳር በወሰድናት ጊዜ፣ ሕመሟን ለሐኪሙ አንድ በአንድ በአማርኛ ያስረዳሁላት እኔ ነኝ። የተናገርሁትም እንደዚያ ሽማግሌ ቀስ ብዬ ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጆቻችሁ ለልምምድ ሲሄዱ «ዋዛ ነው» ብላችሁ አትከልክሏቸው። ቴአትር የሠራ ሁሉ ተዋናይ አይሆንም፤ በጭንቅ ቀን ግን አንደበት ያገኛል።